ከግራፉ የጠፋው ጉድጓድ

መሥሪያ ቤታችን ቃሊቲ ነው፤ ሥራችንም ከአቃቂ ዙሪያ ጉድጓዶች የሚመጣ ውኃ መመርመር። ፕሪንተራችን የሚያትመው በጥቁርና ነጭ ብቻ ስለሆነ ጉድጓዶቹን በቀለም ብንለያቸው ቀዩም አረንጓዴውም ወረቀት ላይ ያው ግራጫ ይሆናል። ስለዚህ መረጃውን የምታቀናብረው ባልደረባዬ ስካተር ፕሎቱን (የነጥብ ግራፉን) አር በሚባለው የመረጃ መተንተኛ ፕሮግራም፣ ጂጂፕሎት 2 በተባለው የግራፍ መሥሪያው ስትሠራ ጉድጓዶቹን በነጥብ ቅርጽ እንዲለይ አደረገችው። አግድሙ ኮንዳክቲቪቲ (ውኃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ)፣ ቁመቱ ናይትሬት፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው የ50 ሚሊግራም በሊትር ወሰን ደግሞ በቁርጥራጭ መስመር ተሰምሯል። ሲያዩት ያምራል።

ረቂቁ ስብሰባ ላይ ሲታደል፣ ናሙናውን እየዞሩ የሚቀዱት ቴክኒሺያናችን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው ብዙ አዩት።

«ልጄ፣ የቱሉ ዲምቱው የታለ?»

«አለ ጋሼ፣ ይኸው ስሙ።»

እውነትም ስሙ ከግራፉ ጎን ባለው የምልክቶች ማብራሪያ ላይ አለ። ከስሙ ፊት ግን ምልክት የለም፤ ግራፉ ውስጥም አንድ ነጥብ አልወጣለትም። «በጭቃ ተጉዤ የቀዳሁት ውኃ እኮ ነው!» አሉ፤ ፊታቸው ላይ ቅሬታ ይታይ ነበር።

ኮዱን አብረን ከፈትነው። ጂጂፕሎት 2 ከራሱ የሚሰጠው ቅርጽ ስድስት ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ ለዓይን ያስቸግራል በሚል ሰባተኛውን ሳይስል ይተወዋል። ማስጠንቀቂያ መጻፉ አልቀረም፤ የሪፖርቱ ፋይል ግን ማስጠንቀቂያዎችን እንዲደብቅ ተደርጎ ነበርና ማንም አላየውም። ስሞቹን በላቲን ፊደል ተራ ስለሚያሰልፋቸው አባ ሳሙኤል ፊት ሆኖ፣ አቃቂ፣ ገላን፣ ቃሊቲ፣ ቂሊንጦና ኮዬ ተከትለው ቱሉ ዲምቱ መጨረሻ ላይ ቀረ። የጉድጓዱ ጥፋት ስሙ በላቲኑ ቲ (T) መጀመሩ ብቻ ነው! ናሙናውን የቀዳ ሰው ግራፉን ሳያይ ሪፖርት አይውጣ የምለው ለዚህ ነው።

ቅርጹን ራሳችን ለመምረጥ ስኬል ሼፕ ማኑዋል የሚባለውን የጂጂፕሎት 2 ትእዛዝ ተጠቀምን። አር ከ0 እስከ 25 የተቆጠሩ ቅርጾች አሉት፦ 0 ባዶ ካሬ፣ 1 ባዶ ክብ፣ 2 ባዶ ሦስት ማዕዘን፤ 15፣ 16 እና 17 ደግሞ የነዚሁ ሙሉዎቹ። እንዲያው ሰባት ቁጥር ከመደርደር ቅርጹ ራሱ ቢናገር ይሻላል ብለን፣ አራቱን ጥልቅ ጉድጓዶች በሙሉ፣ ሦስቱን በእጅ የተቆፈሩትን በባዶ ቅርጽ ለየናቸው። ለአራተኛው ጥልቅ ጉድጓድ ያሰብነው 18፣ ሙሉው የአልማዝ ቅርጽ፣ ከጓደኞቹ አነሰብን። በምትኩ 23ን፣ ሌላውን የአልማዝ ቅርጽ፣ ወሰድን፤ ከ21 እስከ 25 ያሉት ጠርዛቸውና ውስጣቸው ለየብቻ ስለሚቀባ ውስጡን ጥቁር አደረግነው። እያንዳንዱን ቁጥርም ከጉድጓዱ ስም ጋር አሰርነው፤ ነገ አንድ ጉድጓድ ቢጎድል የሌሎቹ ምልክት እንዳይዛወር።

ባልደረባዬ ኮዱ አናት ላይ አንድ መስመር ጨመረች፤ ኦፕሽንስ በሚባለው የአር ማስተካከያ ውስጥ ዋርን 2 ይሁን የሚል። ከእንግዲህ አር ማስጠንቀቂያ ሲኖረው እንደ ስህተት ቆጥሮ ሥራውን ያቆማል። አዲሱን ወረቀት መጀመሪያ የሰጠችው ለጋሼ ነው።