ረቡዕና ዓርብን ይዤ ወደ ኒው ኦርሊንስ

በመጪው ኅዳር መግቢያ፣ የነቢያት ጾም ከመያዙ በፊት፣ ወደ አሜሪካዋ የጃዝ ከተማ ኒው ኦርሊንስ ብቻዬን ለመሄድ ቆርጫለሁ። ይህ ሁለተኛ ጉዞዬ ነው። የመጀመሪያው፣ ሁለት ዓመት አለፈው፣ ከዕቅዴ ጉድለት የተነሣ ሳይሞላ ቀርቷል፤ የደረስኩት ማክሰኞ ማታ፣ የተመለስኩት ቅዳሜ ማለዳ ነበርና ከተማይቱ ትልቁን ነገሯን የምታወጣው እሑድ ከሰዓት በኋላና ሰኞ ቀን መሆኑን የተረዳሁት እዚያው ከገባሁ በኋላ ነው። በዚያ ላይ ከነበሩኝ ሦስት ሙሉ ቀናት ሁለቱ ረቡዕና ዓርብ፣ የጾም ቀናት ነበሩ። ስለዚህ የአሁኑን ዕቅድ የጀመርኩት ከትኬት ዋጋም ከሆቴልም ሳይሆን፣ የከተማይቱን ሳምንትና የእኔን ሳምንት ጎን ለጎን አስቀምጦ ከማየት ነው።

ወቅቱን መምረጥ ብዙ አላስቸገረኝም። ከፈረንጆቹ ዐቢይ ጾም መግቢያ በፊት በሚከበረው የማርዲ ግራ በዓል ሰሞን እንዲሁም በሚያዝያ ሁለተኛ አጋማሽ፣ ከ1970 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንዲሁ ናቸው) ጀምሮ የሚከበረው የጃዝ ፌስቲቫል ሲደርስ፣ የመኝታ ዋጋ ይሰቀላል። የጃዝ ፌስቲቫሉ አብዛኛውን ጊዜ ከፋሲካ በኋላ ባለው በሃምሳው ውስጥ ስለሚውል፣ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም፣ ገንዘቡ ላለው ምእመን ከዚያ የተሻለ ጊዜ የለም። ክረምቱ ደግሞ በእርጥበት የታፈነ ሙቀትና የአውሎ ነፋስ ወቅት ነው፤ ካትሪና ከተማይቱን የመታቻት በ2005 በነሐሴ ማብቂያ ላይ ነበር። ኅዳር ሲገባ አየሩ ለስለስ ይላል፣ የመኝታ ዋጋም ይረግባል፣ የእሑዱ ሰልፍም በወቅቱ ላይ ነው።

የእሑዱን ሰልፍ ሳላይ መመለሴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ሴከንድ ላይን ይሉታል። ባንዱና ሰልፉን ያዘጋጀው ማኅበር ፊት ፊት ሲሄዱ የመጀመሪያው ረድፍ ናቸው፤ ከኋላቸው እየጨፈረ የሚከተለው የሰፈር ሰው፣ ሕፃን ሽማግሌው ሁሉ፣ ሁለተኛው ረድፍ ነው። ከነሐሴ ማብቂያ እስከ ሰኔ ድረስ፣ እሑድ እሑድ ማለት በሚቻል ሁኔታ፣ አንዱ ማኅበር ተራውን ይዞ ቀትር ገደማ ይነሣና አራት ሰዓት ያህል ጎዳና ለጎዳና ይዞራል። ስለነዚህ ማኅበራት አመጣጥ ሳነብ ልቤ የተነካው፣ ነገሩ እድር ሆኖ ስላገኘሁት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጥቁሮቹ የከተማይቱ ነዋሪዎች ሐኪም የሚከፍሉበትና ወገናቸውን በክብር የሚቀብሩበት መዋጮ ይሰበስቡ ነበር፤ የዛሬዎቹ የሰልፍ ማኅበራት ከዚያ ሥር የበቀሉ ናቸው። ለቀብር ሲወጣ ባንዱ ከፊት ሆኖ ቀስ ያለ የሐዘን ዜማ እየነፋ ሬሳውን ይሸኛል፤ ከቀብር መልስ ያው ባንድ ዜማውን ለውጦ ለቀስተኛውን ያስጨፍራል። እኛ እድርን ለድንኳንና ለንፍሮ እናውቀዋለን፤ እነርሱ ትራምፔትና ትሮምቦን ጨመሩበት። የነሐስ መሣሪያ ለእኛም ጆሮ ባዕድ አይደለም። በ1924 (እ.ኤ.አ.) ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች የነፉት መለከት በኋላ ለመጣው ዘመናዊ ሙዚቃችን መሠረት ሆኗል።

የሰልፉ መነሻ በየሳምንቱ ስለሚለያይ፣ መንገዱን አስቀድሞ የሚያሳውቀውን ደብሊው ደብሊው ኦ ዚ የተባለውን የከተማይቱን የማኅበረሰብ ሬዲዮ መከተል ያስፈልጋል። በኤፍ ኤም 90.7 ይሰማል፤ በኢንተርኔትም ስለሚገኝ ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ወጥ ቤቴ ውስጥ ሆኜ አዳምጠዋለሁ። የዕለቱን የሙዚቃ ዝርዝር በየጎዶሎው ሰዓት፣ በእነርሱ አቆጣጠር በ1፣ በ3፣ በ5 ሰዓት እያለ ያነባል። የማን ባንድ የትኛው ቤት እንደሚጫወት ከዚያ እየሰማሁ በደብተር መዝግቤ፣ ከወር በኋላ ደጋግሞ የመጣውን ስም ለይቻለሁ። ከማንኛውም የቱሪስት መጽሐፍ ይልቅ በዚህ ዝርዝር እተማመናለሁ።

ለማታው ሁለት ቦታ ይበቃኛል። አንደኛው ፍሬንች ኳርተር በሚባለው አሮጌ ሰፈር ውስጥ፣ ሴንት ፒተር ጎዳና ላይ ያለው ፕሪዘርቬሽን ሆል ነው። በ1961 የተከፈተ አሮጌ ክፍል ሲሆን፣ መጠጥም ምግብም አይሸጥበትም፤ ሰው የሚገባው ለማዳመጥ ብቻ ነው፤ አንዱ የሙዚቃ ዙር አርባ አምስት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ብቻውን ለሚሄድ ሰው የሚመች ቤት ነው፤ ማንም ስልኩን አያወጣም፣ ማንም ለምን ብቻሽን መጣሽ ብሎ አያይም። ሁለተኛው ፍሬንችመን ጎዳና ነው፤ ሙዚቃ ቤቶቹ ደጅ ለደጅ ተደርድረው የአንዱ ድምፅ ሌላው በር ላይ ይገናኛል። በመጀመሪያው ጉዞዬ ሐሙስ ማታ በአንዱ ጠባብ ቤት ውስጥ ከባንዱ ፊት ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ቆሜ ነበር። ትሮምቦን ነፊው መሣሪያውን በዘረጋ ቁጥር ፊት የቆምነው አንገታችንን ዘወር እናደርግለት ነበር። ዙሩ ሲያልቅ ከበሮ መቺው ላቡን እየጠረገ የቀለም ባልዲ አንሥቶ በሰዉ መሃል ዞረ። ያን ጊዜ ትዝ ያለኝ አዝማሪ ቤት ነው፤ ግንባር ላይ የሚለጠፈው ብር እዚያ ባልዲ ውስጥ ይወድቃል እንጂ ነገሩ አንድ ነው። ከእነዚህ ቤቶች አንዳንዶቹ ለመግቢያ አያስከፍሉም፣ በዙር አንድ መጠጥ እንድንገዛ ብቻ ይጠይቃሉ፤ ስለዚህ የሙዚቀኛው ዕለታዊ ኑሮ በአብዛኛው ከዚያ ባልዲ ነው። በዚያ ምሽት ኪሴ ውስጥ ካርድ እንጂ ጥሬ ገንዘብ አልነበረኝምና ባልዲው ፊቴ ሲደርስ አፍሬ አቀረቀርኩ። ዘንድሮ ለእያንዳንዱ ምሽት ባለ አምስት ዶላር ኖቶችን በፖስታ ለይቼ እይዛለሁ።

የምግቡ ጉዳይ ለእኔ ዓይነቱ ሰው ጥናት ይጠይቃል። የኒው ኦርሊንስ ገበታ በአሳማ እንዲሁም ሽሪምፕ፣ ኦይስተርና ክሮፊሽ በሚባሉ ቅርፊት ለበስ የውኃ እንስሳት የተሞላ ነው፤ እኔ አንዳቸውንም አልቀምስም። ሆኖም የምግቡ አሠራር ቅርባችን ነው። ጋምቦ የሚሉት ወጥ ስሙን ያገኘው ባሚያ ማለት ከሆነ የአፍሪካ ቃል ነው። ሲሠራ መጀመሪያ ዱቄት በዘይት ይቁላላል፤ ድስቱ ሥር ቆመው ሳያቋርጡ ሲያማስሉት ከቢጫ ወደ ለውዝ ቀለም፣ ከዚያም ወደ ቸኮሌት ቀለም ይለወጣል፤ ለአፍታ ከተዘናጉ ያርራል፣ ካረረም ተደፍቶ እንደገና ይጀመራል። ሽንኩርት፣ ሰለሪና የፈረንጅ ቃሪያ የሚገቡት ከዚያ በኋላ ነው። ቁሌት አይቶ ላደገ ሰው ያ ትዕግሥት የት እንደተማሩት ባያውቅም ከማን ወገን እንደሆነ ያውቀዋል።

በመጀመሪያው ጉዞዬ ረቡዕ ቀን ቀይ ቦሎቄ በሩዝ አዘዝኩ። አሳላፊዋን ሥጋ ገብቶበት እንደሆነ ጠይቄያት፣ የለበትም አለችኝ። ግማሹን ከበላሁ በኋላ ማንኪያዬ ላይ ቀጭን ሮዝ ክር አየሁ፤ ሲቀምሱት የጭስ ጣዕም አለው። ያጨሰ አሳማ ነበር። ሴትዮዋ አልዋሸችኝም። በዚያ አገር ለማጣፈጫ የሚገባ ቁራጭ ሥጋ ከሥጋ አይቆጠርም፤ ሥጋ አለበት ማለት ከጎኑ ቋሊማ ወይም የጎድን አጥንት ተቀምጦለታል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ጥያቄዬን ለውጫለሁ፤ ሥጋ አለው ወይ ብዬ ሳይሆን፣ በምን መረቅና በምን ስብ ተሠራ ብዬ እጠይቃለሁ። የሚጾም ወይም አሳማ የማይበላ ሁሉ ይህን አንድ ጥያቄ ይዞ ቢሄድ ከብዙ ችግር ይድናል።

ስለዚህ ቀናቱን እንዲህ ደልድያቸዋለሁ። ዓርብ አመሻሽ ላይ ከዋሽንግተን ዩኒየን ስቴሽን ክሬሰንት በተባለው ባቡር እሳፈራለሁ፤ አንድ ሌሊትና አንድ ቀን ተጉዞ ቅዳሜ ማታ ይገባል። የዓርቡ ጾም በቆሎና በዳቦ ባቡር ላይ ያልፋል። እሑድ ሰልፉ ነው። ሰኞ የቀይ ቦሎቄ ቀን ነው፤ ልማዱ የመጣው ሰኞ የልብስ ማጠቢያ ቀን ስለነበረ ነው፤ ሴቶቹ ከእሑድ የተረፈውን አጥንት ከቦሎቄው ጋር ጥደው ልብሳቸውን ሲያጥቡ ይውሉ ነበር። ያለ ሥጋ የሚሠሩ ቤቶች ስላሉ ከወዲሁ ደውዬ እጠይቃለሁ። ማክሰኞ ትሬሜ ሰፈር፣ ከ1941 ጀምሮ ወዳለው ዱኪ ቼዝ ለምሳ እሄዳለሁ፤ በ2019 ያረፉት ወይዘሮ ሊያ ቼዝ ምግብ ያበስሉ የነበረበት፣ በ1960ዎቹ የመብት ታጋዮች ተሰብስበው የመከሩበት ቤት ነው። የተጠበሰ ዶሮው ለብቻው ጉዞ ያስነሣል። ከዚያ በእግር ወደ ኮንጎ አደባባይ እወርዳለሁ፤ በባርነት የነበሩ አፍሪካውያን እሑድ እሑድ እየተሰበሰቡ ከበሮ የመቱበት ሜዳ ነው። ረቡዕ ባዩ ሮድ ላይ ባለው አዲስ ኖላ በተባለው የኢትዮጵያ ምግብ ቤት በያይነቱ በልቼ ማታውን በአውሮፕላን እመለሳለሁ።

እናቴ ዕቅዴን ስነግራት ደስ አላላትም። «ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል ሲባል አልሰማሽም? አንዷን ጓደኛሽን ይዘሽ ሂጂ እንጂ ልጄ» አለችኝ። ተረቱን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ጓደኛ ይዤ ስሄድ ሁለተኛው ዙር ላይ ደክሞኛል የሚል ሰው እንዳለ፣ ሰልፉን አራት ሰዓት ሙሉ በእግር መከተልም ሁሉም እንደማይወድ አውቃለሁ። ለእርሷ ሰላም ስል ሁለት ነገር ቃል ገብቻለሁ። የማድርበት ቤት ከፍሬንችመን ጎዳና በመኪና ጥቂት ደቂቃ የሚርቅ ይሆናል እንጂ ሌሊት በእግር አልመለስም፤ ክፍሌ በገባሁ ቁጥርም፣ ሰዓቱ የፈለገውን ቢሆን፣ እደውልላታለሁ። እርሷ እስኪደወል እንደማትተኛ አውቃለሁና የመጨረሻው ዙር ከመጀመሩ በፊት አንድ መልእክት እልክላታለሁ።