ከኒው ዮርክ ሲንጋፖር ተኝቶ መሄድ፦ ማይል ሰብስቤ በቢዝነስ ክላስ የተጓዝሁበት መንገድ

ልጄ ሲንጋፖር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ «አባዬ፣ መቼ ነው የምትመጣው?» የሚለው ጥያቄ በየሳምንቱ እሑድ በስልክ ይቀርብልኝ ነበር። የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት የወገብ ዲስክ ስለታመምሁ ሐኪሜ ረጅም ሰዓት እንዳልቀመጥ አስጠንቅቆኛል። የሲንጋፖር አየር መንገድ ከኒው ዮርክ ኬኔዲ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ሲንጋፖሩ ቻንጊ የሚያደርገው ቀጥታ በረራ ደግሞ 15,300 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሸፍን፣ ከ18 ሰዓት ተኩል በላይ የሚፈጅ፣ በዓለም ላይ ካሉት መደበኛ የመንገደኛ በረራዎች ረጅሙ ነው። ስለዚህ ምርጫዬ መንገዱን ከፋፍሎ ሁለት ቀን መንከራተት ወይም ተኝቶ መሄድ ነበር። ተኝቶ የሚኬድበት የቢዝነስ ክላስ ዋጋ በገንዘብ ሲሰላ ከእኔ ኪስ ጋር የሚገናኝ አልነበረም፤ አየር መንገዶች ለደንበኞቻቸው በሚሰጡት፣ ቲኬት በሚገዛበት ነጥብ፣ ማለትም በማይል ግን እንደሚቻል ሰምቼ ሁለት ዓመት ያህል ለፋሁበት።

አጀማመሬ የተሳሳተ ነበር። ወደ ሀገር ቤት በተመላለስሁባቸው ዓመታት ሼባማይልስ በተባለው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የማይል ፕሮግራም ያጠራቀምሁት ማይል ነበረኝ። የሲንጋፖሩ አየር መንገድ ከ2000 እ.ኤ.አ.፣ የእኛው ደግሞ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስታር አሊያንስ የተባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባላት ስለሆኑ፣ በዚያ ማይል ወንበሩን በቀላሉ የማገኝ መስሎኝ ነበር። ይሁን እንጂ የሲንጋፖር አየር መንገድ የረጅም በረራ ቢዝነስ ወንበሮችን በአብዛኛው የሚያስቀምጠው ክሪስፍላየር ለተባለው ለራሱ የማይል ፕሮግራም አባላት መሆኑን ቆይቼ ተረዳሁ። ሼባማይልሱን ለአዲስ አበባ መንገድ ትቼ፣ ነጥባቸው ወደ ክሪስፍላየር የሚዛወር ሁለት ክሬዲት ካርዶች አወጣሁ። አስቤዛ፣ ቤንዚን፣ የመኪና ኢንሹራንስ፣ የአንድ ዘመዳችን የሠርግ አዳራሽ ኪራይ ሳይቀር በካርድ ከፈልሁ፤ የአዳራሹን ገንዘብ ቤተሰቡ ተካልኝ። በየወሩ ዕዳውን አጥርቶ መክፈል ግን የግድ ነው፤ ወለድ አንድ ጊዜ ከገባ ነጥቡ ከቲኬቱ ይበልጥ ይወደዳል። ለአንድ መንገድ ብቻ ከ100,000 በላይ ማይል ስለሚጠይቅ፣ መሄጃውን በቢዝነስ፣ መመለሻውን ከተራው ኢኮኖሚ ሰፋ ያለ ወንበር ባለው፣ አልጋ ግን በሌለው በፕሪሚየም ኢኮኖሚ ለማድረግ ወሰንሁ። ይህ ውሳኔ በኋላ ያጸጸተኝ ነው።

ከሁሉ የበለጠ ሰው ሊያውቀው ይገባል የምለው የነጥብ ዝውውሩን ነው። ከባንክ ወደ አየር መንገዱ የሄደ ነጥብ ተመልሶ አይመጣም፤ ክሪስፍላየር ውስጥ የገባ ማይል ደግሞ በ36 ወር ያልፍበታል። ስለዚህ ወንበር መኖሩን ሳያረጋግጡ ማዛወር ብርን ወንዝ ላይ እንደ መበተን ነው። እኔ በተጠባባቂነት ተመዝግቤ ነጥቤን ባንክ አቆይቼ ጠበቅሁ፤ ከአምስት ሳምንት በኋላ ወንበር መገኘቱን የሚነግር ኢሜይል መጣ፤ ለመክፈል የተሰጠኝ ጊዜ ግን አጭር ነበር። ሳዛውር ስሜ አልገጥም አለ። የባንክ ሒሳቤ በስሜና በአባቴ ስም ብቻ ነው፤ ፓስፖርቴና ክሪስፍላየሩ ግን የአያቴን ስም ጨምረው ይዘዋል። የእኛ ስም በሦስት መሄዱ በስንት ቢሮ እንዳስጨነቀን አንባቢ ያውቀዋል! ሁለት ቀን በስልክ ተማጽኜ፣ የባንኩ ስም ከተስተካከለ በኋላ፣ ጊዜው ሊያልቅ ጥቂት ሰዓታት ሲቀሩት ማይሉ ገባ። ካርድ ከማውጣት በፊት በሁሉም ዘንድ ስምን እንደ ፓስፖርቱ ማስተካከል የአንድ ከሰዓት ሥራ ነበር።

ጉዞዬ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም ውስጥ ስለዋለ ምግቡ ሌላ ጥናት ጠየቀ። አየር መንገዱ ለቢዝነስ መንገደኞች ቢያንስ 24 ሰዓት ቀደም ብሎ ዋና ምግብ የማስመረጥ አገልግሎት አለው፤ ሎብስተር ቴርሚዶር የተባለው ከባሕር ፍጥረት የሚሠራ ምግብ ስሙ የገነነ ነው። ለእኔ ግን በጾምም ሆነ በፍስክ ፈተና አልሆነኝም። ጾመኛ ሊጠነቀቅበት የሚገባው «አትክልት» ከሚለው ቃል ነው፤ በሕንድ ዓይነት የሚዘጋጀው የአትክልት ምግብ ወተት፣ እርጎ ወይም ቅቤ ሊኖረው ይችላል። እኔ መጀመሪያ እሱን አዝዤ ነበር። ልጄ በስልክ «አባዬ፣ ልትገድፍ ነው እንዴ?» ብላ ስትስቅብኝ ከወተትም ከእንቁላልም ነጻ ወደ ሆነው ወደ ቪጋኑ ለወጥሁት። ምስርና አትክልት ከሩዝ ጋር መጣልኝ፤ የእናቴን ሽሮ ባይተካም ንጹሕ የጾም ምግብ ነበር።

በዚህ መስመር የሚበረው ለእጅግ ረጅም በረራ የተሠራው ኤርባስ ኤ350-900 ዩኤልአር ኢኮኖሚ ክላስ የለውም፤ 67 የቢዝነስና 94 የፕሪሚየም ኢኮኖሚ ወንበሮች ብቻ አሉት። ምክንያቱ ክብደት ነው። ይህን ርቀት ሳያርፍ እንዲሄድ እስከ 165,000 ሊትር ነዳጅ መያዝ ስላለበት የሰውና የዕቃው ብዛት ተቀንሷል። ይኸው አየር መንገድ ከ2004 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ አጠገብ ካለችው ኒውአርክ በአራት ሞተር አውሮፕላን ይበር ነበር፤ አቋርጦ በ2018 እ.ኤ.አ. የቀጠለው ነዳጅ ቆጣቢው ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ሲመጣ ነው።

ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ተነሣን። አስተናጋጇ ወደ ወንበሬ መጥታ በአያቴ ስም «ሚስተር» ብላ ጠራችኝ፤ ሰው በሞተ አያቱ ስም ሲጠራ ቶሎ ቀና አይልምና ሁለተኛ እስክትጠራኝ ድረስ ሌላ ሰው የምትፈልግ መስሎኝ ነበር። አስተናጋጆቹ የለበሱት «ሳሮንግ ከባያ» የተባለው የደንብ ልብስ ፈረንሳዊው ፒየር ባልማን በ1968 እ.ኤ.አ. የነደፈው ሲሆን ቀለሙ ማዕረግን ይናገራል፤ ሰማያዊው የጀማሪዎቹ ነው፤ ከፍ ያለ ጉዳይ ያለው ሰው ቀይ ወይም ሐምራዊ የለበሰችውን ይፈልጋል።

አልጋው ግን አሳፈረኝ። ወንበሩ በቁልፍ ወደ ኋላ እየተለጠጠ አልጋ የሚሆን መስሎኝ ለረጅም ጊዜ ቁልፍ ስጫን ቆየሁ፤ የሚሆነው ግን በከፊል መጋደም ብቻ ነው። አልጋው ያለው ከወንበሩ መደገፊያ ጀርባ ኖሯል፤ ሰውየው ይነሣል፣ መደገፊያው ወደ ፊት ይታጠፋል፣ የተነጠፈው ፍራሽ ይገለጣል። ርዝመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ነው፤ የእግር ማስገቢያው ግን በማዕዘን በኩል ስለሆነ ሰውነትን አግድም ሰያፍ ማድረግ ያስፈልጋል። በጀርባው የሚተኛ ሰው ይቸገር ይሆናል፤ ወገቤ በጎኔ መተኛትን ስላስለመደኝ ለእኔ ተስማማኝ። ከክፍሉ ግድግዳ ፊት ለፊት ያሉት ወንበሮች የእግር ቦታቸው ሰፊ መሆኑን ያወቅሁት ደግሞ ከተሳፈርሁ በኋላ ሲሆን፣ ወንበር ሲመረጥ በመጀመሪያ መታየት ያለበት እሱ ነው።

እራት ቀለል አድርጌ በልቼ ወዲያው አልጋዬ እንዲዘረጋ ጠየቅሁ፤ ፊልሙን ተውሁት። ሰባት ሰዓት ያህል ተኝቼ ነቃሁ። ያን ያህል ተኝቶ ገና ዘጠኝ ሰዓት በላይ እንደሚቀር ማየት እንግዳ ስሜት ነው። ተነሥቼ በኮሪደሩ ተመላለስሁ፣ ውሃ ጠጣሁ፣ ደግሞ ተኛሁ። የዚህ አውሮፕላን የውስጥ አየር ግፊት በ1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር የተመጣጠነ ነው ይባላል፤ ከአዲስ አበባ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነውና እዚያ ላደገ ሰው ሳንባው የሚያማርርበት ምክንያት የለም። ሰኞ ማታ ተነሥቼ ረቡዕ ሊነጋጋ ሲል ስደርስ ማክሰኞ የምትባለው ቀን ከሕይወቴ ተቀንሳ ነበር፤ ወገቤ ግን አብራኝ በደኅና ወረደች። ለጆሮዬ ብዬ የያዝሁትን ማስቲካ በኪሴ ስዳብስ አግኝቼ አውሮፕላኑ ውስጥ ጣልሁት፤ ሲንጋፖር ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማስቲካ ወደ ሀገሯ አታስገባም። የመግቢያ ቅጹም ከመድረስ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ በኢንተርኔት የሚሞላ ሲሆን፣ በቀጥታ ከኢትዮጵያ የሚመጣ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱን መያዝ አለበት።

መመለሻው ከእኩለ ቀን በኋላ ተነሥቶ በዚያው ዕለት ማታ ኒው ዮርክ ይደርሳል። ቀን ነውና አልጋ አያሻኝም ብዬ ነበር በፕሪሚየም ኢኮኖሚ የገዛሁት። ዐሥር ቀን የሲንጋፖርን ሰዓት የለመደ ሰውነት ግን ከተነሣን ሰባት ሰዓት ሳይሞላ አልጋ ጠየቀ። ወንበሩ መልካም ነው፤ እግር ይዘረጋል፤ ወገብ ግን አይዘረጋም። ቀሪውን ሌሊት ቆሜና ተቀምጬ አሳለፍሁ፤ በማግስቱ ሥራ ገብቼ ጠረጴዛዬን ደግፌ ዋልሁ። ስሄድ የሚጠብቀኝ የልጄ ቤትና ዕረፍት ነበር፤ ስመለስ ግን የሚጠብቀኝ ሥራ ነው። በአንድ በኩል ብቻ የሚበቃ ማይል ካለኝ ለመመለሻው አደርገው ነበር፤ ወይም ፍራንክፈርት ላይ በሚያርፈው በረራ መጥቼ መሐል ላይ እግሬን አፍታታ ነበር።

ልጄ በሚቀጥለው ዓመት ትመረቃለች። ለምረቃዋ የመመለሻውን ወንበር በተጠባባቂነት አስመዝግቤአለሁ፤ ነጥቡ አሁንም ባንክ ነው፤ ስሜም በሁለቱም በኩል በሦስት ተጽፏል።