ባሕር ዳር ላይ የሚታመን ሳይክል ሠሪ ያገኘሁበት መንገድ

ባሕር ዳር ሜዳ ናት። ሳይክል ለሥራም፣ ለትምህርት ቤትም፣ ለገበያም ይነዳባታል፤ ሠሪም አይጠፋም። መንገድ ዳር ባልዲ ውኃ፣ ፖምፓና የተንጠለጠለ አሮጌ ጎማ ካለ እዚያ ሳይክል ሠሪ አለ። የሚከብደው ከነዚህ ሁሉ መሐል ዛሬ የሠራት ሳይክል በሳምንቷ በዚያው ብልሽት የማትመለስበትን ሰው መለየት ነው። ሰው በመጠየቅ ብቻ አልተገኘልኝም፤ ብዙ ሰው የሚጠቁመው ለቤቱ የሚቀርበውን ወይም በዋጋ የማይጎዳውን ነው። የረዳኝ ሠሪው ኪያቤ ከማንሳቱ በፊት የሚያደርገውን ማየት ነው።

ጥሩ ሠሪ መጀመሪያ ሳይክሏን ከመሬት ያነሳታል። ጎማውን አሽከርክሮ ያዳምጣል፤ ቸርኬውን ከላይ ይዞ ወደ ግራና ቀኝ ይነቀንቃል፤ የፔዳሉን ክንድ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይገፋል፤ ከዚያ መሬት ላይ አቁሞ የፊት ፍሬኗን ይዞ ወደፊትና ወደኋላ ይወዘውዛታል። ይህ ሁሉ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ግን የጎማው ሞዞ (ኩሽኔታው የሚቀመጥበት የጎማው መሐል)፣ የፔዳሉ መሐል ወይም የመሪው ኩሽኔታ ላልቶ እንደሆነ ይነግረዋል። ይህን ሳያደርግ «ኩሽኔታ ነው፣ ገዝተህ አምጣ» የሚለኝን አመስግኜ አልፋለሁ።

እኔም በበኩሌ ዕቃ ቀይርልኝ አልልም። «ኩሽኔታ ቀይርልኝ» ካልኩት ይቀይራል፤ ድምፁ ከሌላ ቦታ ከነበረ ገንዘቤ በከንቱ ሄደ ማለት ነው። የምነግረው ምልክቱን ነው፦ «ጋሼ፣ ኮብልስቶን ላይ ትንኳኳለች፣ አስፋልት ላይ ዝም ትላለች፤ ፔዳል ሳልመታ ስሄድም ይሰማል።» ልምድ ያለው ሰው ከዚህ ብዙ ያገኛል። ፔዳል መምታት ሲቆም ድምፁም ከቆመ ጣጣው ከፔዳሉ፣ ከክንዱ ወይም ከሰንሰለቱ ነው። ፔዳሉ ቆሞም ከቀጠለ ሞዞው፣ ፓራፋንጎው ወይም የሆነ ቦታ የላላ ብሎን ነው። የባሕር ዳር የውስጥ መንገድ ኮብልስቶን ስለሆነ ዳዶና ብሎን እያላላ ብዙ ሰው ያለ ምክንያት ኩሽኔታ ያስቀይራል።

ቀጥሎ የመፍቻ ሣጥኑን አያለሁ። 13 እና 15 ሚሊ ሜትር ስስ ኪያቤ፣ የሰንሰለት ፒን ማውጫ፣ የቸርኬ ሽቦ ማጥበቂያ ቁልፍና የኋላ ጥርስ መፍቻ ካሉት ሥራውን ይዞታል። ስሱ ኪያቤ ያስፈለገው የሞዞው ኮን (ኳሶቹን የሚይዘው ሾጣጣ ዳዶ) ጠባብ ስለሆነ ነው፤ ወፍራሙ ተራ ኪያቤ አይገባበትም። ስሱ ከሌለው በፒንሳ ይዞ ያጠብቃል፤ የኮኑ ጠርዝ ተበልቶ ሁለተኛ አይያዝም። የጥርስ መፍቻ ከሌለው ደግሞ በመዶሻና በመሮ እየመታ ያወጣዋል። እሱ ዘንድ የተሠሩ ሌሎች ሳይክሎች ቆመው ካሉ ዳዶዎቻቸውን ማየት ይበቃል፤ ስድስቱ ጠርዝ ተልጦ ክብ ከሆነ ያ ቤት በፒንሳ ነው የሚሠራው።

መጀመሪያ የምሰጠው ሥራ ከመነዳሪ ማስጠገን ነው። ርካሽ ነው፣ ቢበላሽም ጉዳቱ ትንሽ ነው፣ የሠሪውን ጠባይ ግን ሙሉ በሙሉ ያወጣል። ጎማውን በካቻቪቴ የሚፈነቅል ሰው አንዱን ቀዳዳ ደፍኖ ሌላ ይከፍታል፤ ጠርዙ ክብ የሆነ የፕላስቲክ ወይም የብረት መፈንቀያ ያስፈልጋል። ከመነዳሪው ሲወጣ ቫልቮላው ጎማው ላይ የት እንደነበር ምልክት ማድረግ አለበት፤ ቀዳዳው ውኃ ውስጥ አረፋ ሲያወጣ ከቫልቮላው ያለውን ርቀት ለክቶ ጎማው ላይ እሾሁን እዚያው ያገኘዋል። የግራር እሾህ ጫፉ ጎማው ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል፤ ከውጭ አይታይም። ስለዚህ ጎማውን ከውስጥ በጨርቅ ዙሪያውን መዳሰስ ነው፤ ጨርቁ የያዘበት ቦታ እሾህ አለ። ይህን የማያደርግ ሠሪ ልጥፉን የቱንም ያህል አሳምሮ ቢለጥፍ በማግሥቱ ጎማው ይተኛል።

ልጥፉ ራሱ የሚበላሸው በችኮላ ነው። የሚለጠፍበት ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ብርሃኑ መጥፋት አለበት፤ ማስቲሹ ስስ ሆኖ ከልጥፉ ሰፋ ብሎ ይቀባል፤ ከዚያ አምስት ደቂቃ ያህል ይጠበቃል። ማስቲሹ እርጥብ እያለ ከተለጠፈ ውስጡ ያለው ፈሳሽ መውጫ ያጣና ልጥፉ ሲሞቅ ይንሸራተታል። በጣት ጀርባ ሲነካ እርጥበት የማይሰጥ፣ ግን የሚይዝ ሲሆን ነው ሰዓቱ። ቀዳዳው ጎን ለጎን ሁለት ከሆነ እሾህ አይደለም፤ አየሩ አንሶ ከመነዳሪው በድንጋይና በቸርኬ መሐል ተቆንጥጦ ነው። ቀዳዳው በቸርኬው በኩል ከሆነ የሽቦ ጫፍ ወይም የተቀደደ የቸርኬ ሽፋን ነው፤ ሽፋኑ ካልተተካ አሥር ጊዜ ቢለጠፍም አይረባም። ይህን ለይቶ የነገረኝ ሠሪ ዘንድ ለትልቁ ሥራ እመለሳለሁ።

ስለ አየር አንድ ነገር ልጨምር። 26 በ1.95 ጎማ አስፋልትና ኮብልስቶን ለሚሄድ ሰው ከ40 እስከ 50 ፒ ኤስ አይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ይበቃዋል፤ የላይኛው ወሰን ጎማው ጎን ላይ ታትሟል። በጎሚስታ ኮምፕሬሰር ሲሞላ በትንሽ በትንሹ ነው፤ የሳይክል ጎማ የሚይዘው አየር ጥቂት ስለሆነ አንድ ጊዜ ከተለቀቀበት ከቸርኬው ወጥቶ ይፈነዳል።

መለዋወጫውን እኔው ነው የምገዛው፤ የምገዛውም ቁጥር አንብቤ ነው። «26 ጎማ» ብሎ መጠየቅ አያዋጣም። 26 በ1.95 የሚገባው 559 የሚል ቁጥር (ጎማው የሚቀመጥበት የቸርኬ ስፋት በሚሊ ሜትር) ያለው ቸርኬ ላይ ነው፤ 26 በ1 ከ3/8 ግን 590 ነው። ሁለቱም 26 ይባላሉ፣ አንዱ በሌላው አይገባም። የቀድሞው ረጃጅም ባለ 28 ሳይክል 635 ሲሆን 700 እና 29 የሚባሉት ሁለቱም 622 ናቸው። እነዚህ ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥሮች ጎማው ጎን ላይ 50-559 በሚል መልክ ተጽፈዋል፤ ስልክ ላይ ፎቶ አንስቶ ሱቅ መሄድ ነው።

ሰንሰለት መቼ እንደሚቀየር ሠሪው ይንገረኝ ማለትም ትቻለሁ፤ በማስመሪያ ይለካል። ከፒን እስከ ፒን ግማሽ ኢንች ስለሆነ 24 ክፍተት በትክክል 12 ኢንች መሆን አለበት። ሰንሰለቱን ወጥሬ የማስመሪያውን ዜሮ ከአንድ ፒን መሐል አነሣለሁ፤ ከእሱ ቀጥሎ ሲቆጠር 24ኛው ፒን 12 ኢንች ላይ ካረፈ ደኅና ነው። 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ካለፈ ሰንሰለት ብቻ ይቀየራል። 3 ሚሊ ሜትር ካለፈ የኋላ ጥርሱም አብሮ ተበልቷል፤ አዲስ ሰንሰለት ብቻ ከተገጠመ ዳገት ላይ ጠንከር ብሎ ሲመታ ይዘላል። ሰንሰለት በጊዜው መቀየር ጥርስን ስለሚያድን ከሁሉም በላይ የሚያተርፈው ይህ ልኬት ነው። ቅባቱን በተመለከተ፣ ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት የሚያፈስ ሠሪ አለ። ያ ዘይት የብረት ብናኝ ይዞ ነው የሚመጣው፤ የመንገዱን አቧራ ሲጨምርበት እንደ ሞረድ ሰንሰለቱን ይበላል። በነጭ ጋዝ አጥቦ፣ አድርቆ፣ በየመገጣጠሚያው አንድ ጠብታ ንጹሕ ዘይት፣ ከዚያ ከላይ በጨርቅ መጥረግ ይበቃል።

ፔዳል ሲቀየር አጠገቡ እቆማለሁ። የግራው ፔዳል የሚጠመዘዝበት ጥርስ (እንደ ብሎን ያለው) ተቃራኒ ነው፤ ወደ ሳይክሏ ፊት ሲዞር ይጠብቃል፤ የቀኙም እንዲሁ ወደፊት ሲዞር ነው የሚጠብቀው። ፔዳሉ ጫፍ ላይ ኤል ያለበት የግራ፣ አር ያለበት የቀኝ ነው። ሳያይ በረጅም ኪያቤ የሚያስገድድ ሰው የአሉሚኒየሙን ክንድ ጥርስ ይጨርሳል። መጀመሪያ በጣት ብቻ ሦስት አራት ዙር መግባት አለበት፤ በጣት ካልገባ ወጥቶ ይታይ። ክንዱ ራሱ ከላላ ደግሞ «ቤት እስክደርስ» አይባልም፤ ክንዱ የተሰካበት የመሐሉ ብረት ጠንካራ፣ ክንዱ ለስላሳ ስለሆነ በጥቂት ኪሎ ሜትር አራት ማዕዘኑ ቀዳዳ ይሰፋና ሁለተኛ አጥብቆ አይዝም።

ፍሬን ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው የካቦው ሽፋን ጉዳይ ነው። የፍሬን ካቦ 1.5 ወይም 1.6 ሚሊ ሜትር፣ የማርሽ ካቦ 1.2 ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። የፍሬኑ ሽፋን ውስጡ እንደ ስፕሪንግ የተጠመጠመ ብረት ሲሆን የማርሹ ሽቦዎች በቁመቱ ቀጥ ብለው የተሰለፉ ናቸው። የማርሽ ሽፋን ፍሬን ላይ ከተገጠመ በኃይል ሲያዝ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ፍሬኑ የሚጠፋው በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው። የተቆረጠውን ጫፍ አሳየኝ ብዬ አየዋለሁ፤ በዚህ ነገር አላፍርም። የፍሬኑ ጎማም ቸርኬውን ብቻ መንካት አለበት፤ ከፍ ካለ ጎማውን ይቆርጠዋል፣ ዝቅ ካለ ሽቦዎቹ ውስጥ ይገባል። የዲስክ ፍሬን ከሆነ በአቅራቢያው ምንም ዘይት አይረጭ፤ ሸራው ዘይት ከጠጣ በኋላ ይተካል እንጂ ታጥቦ አይድንም።

ማርሽ አልመታ ሲል ሠሪው ወዲያው ሁለቱን ትናንሽ ቪቶች መዞር ከጀመረ አስቆመዋለሁ። እነሱ ሰንሰለቱ ከጥርሱ ጫፍ እንዳያልፍ የሚወስኑ ናቸው፤ አብዛኛው ችግር ግን ካቦው መላላቱ ወይም ሳይክሏ በቀኝ ጎኗ ወድቃ የማርሹ መስቀያ መጣመሙ ነው። የካቦው ማስተካከያ ሩብ ዙር እየዞረ ይሞከራል።

ዓመታዊውን ሰርቪስ የማሠራው ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ ነው። በዝናብ የገባ ውኃና ጭቃ ግሪሱን አጥቦት ስለሚቆይ ሞዞው መፈታት አለበት። ኳሶቹን ሠሪው ፊቴ እንዲቆጥር እጠይቃለሁ፤ በተለመደው ሞዞ የፊቱ በየጎኑ 10፣ የኋላው በየጎኑ 9 ነው፤ የፊቶቹ አነስ ያሉ ናቸው። ነጠብጣብ ያለው ወይም የዛገ ኳስ አንድም ቢሆን ሙሉው ስብስብ ይቀየራል። ኮኑ ላይ ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለ እሱም ይቀየር፤ አለዚያ አዲሶቹን ኳሶች ይበላቸዋል። ተገጥሞ ሲያልቅ ጎማው ሳይነቃነቅ ቀስ ብሎ ዞሮ፣ ቫልቮላው በራሱ ክብደት ወደ ታች መጥቶ መቆም አለበት። መሐል መንገድ ቀጥ ካለ ኮኑ ከመጠን በላይ ጠብቋል።

ዋጋውን ቀድሞ መነጋገር፣ የእጅና የዕቃውን ለይቶ ማወቅ፣ የወጣውን አሮጌ ዕቃ መቀበል የተለመደ ነው፤ እኔም አደርገዋለሁ። ከዚያ በላይ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ጋሼ፣ በሳምንቱ ካቦው ሲላላ ብመጣ ያጠብቁልኛል?» አዲስ ካቦ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቦታውን እየያዘ ይላላል፤ ብልሽት አይደለም፣ የሥራው ቀሪ ክፍል ነው። ይህን የሚያውቅ ሠሪ እኔ ሳልጠይቀውም «ከሳምንት በኋላ ብቅ በል» ይላል፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ስመለስም የቤዛዊትን ቁልቁለት በሁለቱም ፍሬን ወርጄ ነው፤ የሚጮኸው፣ የሚንቀጠቀጠው፣ እጀታው እስከ መሪው የሚደርሰው የትኛው እንደሆነ ለይቼ እነግረዋለሁ።