ማሽኑ ሲጨንቀው

ዛሬ ሰው የማናገር ፍላጎቴ ዜሮ ነው። ስልኬን ገልብጬ አስቀመጥኩና ዶዶንፓቺን ከፈትኩ፤ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ፣ መርከብ እየነዱ ጥይት የሚያመልጡበት ጌም ነው። ታናሼ በሩ ላይ ቆሞ ትንሽ አየኝና "አሁን ይሄ ምኑ ደስ ይላል?" ብሎኝ ሄደ።

አልፈርድበትም። ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች ሮዝና ሰማያዊ ጥይት ነው። ከታች የእኔዋ ሚስኪን መርከብ አለች። እሱ ያላወቀው ግን ጥይቱ ክንፏን ቢነካም መርከቧ ምንም አትሆንም። የምትሞተው መሀሏ ላይ ያለችው የጥቂት ፒክስል ነጥብ ስትመታ ነው። ለዚህ ነው ማለፊያ የሌለው በሚመስል ቦታ ሾልኮ መውጣት የሚቻለው።

ጥይቱ በጣም ሲበዛ ደግሞ ጌሙ ቀስ ይላል። ማሽኑ ያን ሁሉ ጥይት ማንቀሳቀስ ያቅተዋል፣ ተጫዋቹ መተንፈሻ ያገኛል። በቃ፣ እዚህ ላይ ሀሳብ ይዞኝ ሄደ።

ስፔስ ኢንቬደርስም እኮ እንዲሁ ነው! በ1978 ቶሞሂሮ ኒሺካዶ ሲሠራው ፕሮሰሰሩ 55ቱን ጠላቶች ባንዴ ማንቀሳቀስ ይከብደው ነበር። ሲገደሉ ሥራው ይቀልለታል፣ የተረፉት ይፈጥናሉ። የመጨረሻው ብቻውን ሲቀር አይያዝም። ሰውዬው ይህን አላስተካከለውም፣ እንዳለ ተወው። ጎበዝ በሆንክ ቁጥር ይብስብሃል ማለት ነው። በ1978 ሸክሙ ሲቀል የሚሮጥ ማሽን፣ በ1997 ሸክሙ ሲከብድ የሚታገስ ማሽን። ምክንያቱ ያው የአቅም ማነስ ነው፣ ግን አንዱ ያጣድፍሃል፣ ሌላው ያዝንልሃል።

በሁለቱ መሀል የወጡት ጌሞች የሚያዝኑ አልነበሩም። የ1985ቱ ግራዲየስ ስትሞት የሰበሰብከውን መሣሪያ ሁሉ ይነጥቅህና ያው የገደለህ ቦታ አካባቢ ባዶ እጅህን ይመልስሃል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ! ግን አርኬድ (ሳንቲም እየከተቱ የሚጫወቱበት ቤት) የሚኖረው በሳንቲም ነው፤ ቶሎ የማይገድል ጌም ባለቤቱን ያከስራል።

ከ1991 በኋላ ሰዉ ወደ ድብድብ ጌሙ ስትሪት ፋይተር 2 ነጎደ። ሹተር ላይ (እንዲህ መርከብ እየነዱ የሚተኩሱበት ጌም ላይ) የቀሩት እንደ እኔ ዓይነት ግትሮች ናቸው (ያውም ጎበዞቹ)። ሹተር ይሠራ የነበረው ኩባንያ ቶአፕላን በ1994 ከሰረ፣ ከሠራተኞቹ የተወሰኑት የዶዶንፓቺን ሠሪ ኬቭን መሠረቱ። ለቀሩት ተጫዋቾች የድሮው ስለቀለላቸው ጥይት ተጨመረ፣ ጥይት ሲጨመር አዲስ ሰው ደንግጦ ሸሸ፣ እነዚያ ብቻ ሲቀሩ አሁንም ተጨመረ። እንዲህ እየተባለ ጥቂት ሰው ብቻ የሚወደው ነገር ሆነ፣ የሚወደው ግን ጉድ ነው የሚወደው።

አሁን በጣም የሚገርመኝ ይሄ ነው። አዲሶቹ ማሽኖች ያን ጥይት ሳይሰማቸው ያንቀሳቅሱታል። ስለዚህ የድሮውን ጌም ወደ አዲስ ማሽን የሚያዛውሩ ሰዎች ቁጭ ብለው የድሮው የት የት ላይ ይንቀራፈፍ እንደነበር እየለኩ፣ ሆን ብለው ያንቀራፍፉታል። ካላንቀራፈፉት ተጫዋቹ ይጮህባቸዋል። እውነትም ነው፤ ትንፋሽ መውሰጃው ከጠፋ ሌላ ጌም ሆነ ማለት ነው።

ደጋፊዎቹ ባንድ ሳንቲም ካልጨረስክ ጨረስክ አይሉህም። እኔ በደንብ የምጠቀማት በተን "ኮንቲኒዩ" የምትለዋ፣ ከሞትክ በኋላ የምታስቀጥልህ ናት፤ እሷም በነፃ ስለሆነች። የጌሙ መንቀራፈፍ ለእኔ ያደረገልኝ ነገር ቢኖር ከየትኛው ጥይት ጋር እንደምላተም አስቀድሜ በደንብ እንዳይ ነው።