ብስክሌቷን ይዘን ባሕር ዳር

ባለቤቴ ያደገችው ባሕር ዳር ነው። ትምህርት ቤት የምትመላለሰው በብስክሌት ነበር። አዲስ አበባ ከገባች ወዲህ ግን አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ብስክሌት ላይ ወጥታ አታውቅም። አልፈርድባትም። እኛ ሰፈር ከቤት ተወጥቶ ታክሲ መያዣው እስኪደረስ አንድ ዳገትና ሁለት ቁልቁለት አለ። ሚኒባሱም ለብስክሌት ቦታ አይለቅም።

በጥር 2011 ልጆቹ የግማሽ ዓመት ዕረፍት ሲወጡ ባሕር ዳር እንሂድ ተባለ። እኔ ወዲያው በረንዳ ላይ የተቀመጠችውን ታጣፊ ብስክሌት አሰብኩ። እሷም አብራን ትሄዳለች አልኩ።

ባለቤቴ አልተዋጠላትም። "ባሕር ዳር ብስክሌት ይከራያል እኮ። ለአራት ቀን ብለህ ይሄን ሁሉ መንገድ ብረት ትጭናለህ?"

እውነቷን ነው፣ ይከራያል። ግን የሚከራዩትን አውቃቸዋለሁ። አብዛኞቹ መሐላቸው ላይ ብረት የተጋደመባቸው ትልልቅ የወንድ ብስክሌቶች ናቸው። ቀሚስ ለብሶ አይወጣባቸውም። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ እግርም ፔዳሉ ጋ አይደርስም። የእኛዋ ጎማዋ 20 ኢንች ነው፣ ወገቧም ዝቅ ያለ ነው። ኮርቻዋ ከፍ ዝቅ ይላል፣ መሪዋም እንደዚያው። አንዷ ብስክሌት ለሦስት ሰው ትበቃለች። ከመሄዳችን በፊት በነበረው ቅዳሜ ሦስታችንንም በየተራ ለክቼ የኮርቻው ዘንግ ላይ ናስትሮ ጠቀለልኩበት። ቀዩ የእኔ፣ ሰማያዊው የልጄ፣ ነጩ የባለቤቴ ልክ ነው። ትንሹ ልጅ ስድስት ዓመቱ ነው፤ እሱ ከኋላ ይፈናጠጣል።

ቀጥሎ ጭነቱ መጣ። ቪትዝ ያለው ሰው ያውቀዋል፤ የኋላ ዕቃ መጫኛዋ ለሁለት ሻንጣ እንኳ ይጠባል። ብስክሌቷ ስትታጠፍ ርዝመቷ ሰማንያ ሳንቲ ያህል ነው፣ ክብደቷ 12 ኪሎ። መጀመሪያ አስተኝቼ ሞከርኩ። በሩ አልዘጋ አለ። አቁሜ ሳስገባት ገባች፣ ግን የማርሽ መቀየሪያዋ ወደ በሩ ዞሮ ነበር። በሩን ስጫነው ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁና ደነገጥኩ። አወጣኋት። ካቴናው ያለበትን ጎን ወደ ወንበሩ አዞርኩና በመሐል የድሮ ፍራሽ ስፖንጅ አደረግሁ። በካቴናው ላይ ካርቶን አሰርኩ፤ ያ ጥቁር ግራሶ አንዴ ጨርቅ ከነካ አይለቅም። ሻንጣዎቹ ፖርቶመጋላ ላይ ወጡ።

አንድ ነገር ላይ ግን አልደራደርም፣ ገመዱ ላይ። መኪና በድንገት ሲቆም ያልታሰረ 12 ኪሎ ብረት አብሮ አይቆምም። ከፊቱ ያሉት ደግሞ የልጆቼ ጭንቅላቶች ናቸው። ወለሉ ላይ ባሉት ማሰሪያ ቀለበቶች አሳልፌ ሁለት ዙር አሰርኳት። ከዚያ በሁለት እጄ ይዤ ወዘወዝኳት። መኪናዋ ተንቀጠቀጠች፣ ብስክሌቷ ንቅንቅ አላለችም።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ወጣን። ሱሉልታ፣ ጫንጮ፣ ፍቼ፤ ልጆቹ ተኝተው አለፈ።

ዓባይ በረሃን ግን ማንም ተኝቶ አያልፈውም። ጎሐ ጽዮን ላይ ሻይ ጠጣን። ብርዱ ገና አልለቀቀም ነበር። ልጄ ውሃ ጠጣችና ፕላስቲኩን ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው። ከዚያ ቁልቁለቱን ጀመርን። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው የሚወረደው። በከባድ ማርሽ፣ ፍሬን ብዙ ሳልይዝ፣ ቀስ እያልኩ። አስፋልቱ በየቦታው ሰምጧል። ከፊታችን ያለው የጭነት መኪና ፍሬን ሽታ መስኮት ዘግተንም ይገባል። በየኩርባው ጆሮዬ ወደ ኋላ ነው። ገመዱ ሲጥ ይላል፣ ብስክሌቷ ዝም ብላለች።

ታች ጃፓኖች የሠሩት ድልድይ ጋ ስንደርስ ልጄ ጮኸች። "አባዬ፣ ውሃውን ማን ጨመቀው?" ፕላስቲኩ ሁለት ጎኑ ገብቶ ተጨማዷል። ማንም አልነካውም። ላይ ስትዘጋው የያዘው ቀጭን የደጋ አየር ነው፤ ታች ያለው አየር ከብዶ ከውጭ ተጫነው። ክዳኑን ስትከፍተው ፉስ ብሎ ተነፋ። ዘጋችው፣ ደጀን አፋፍ ስንደርስ ደግሞ ተወጥሮ ከበሮ ሆነላት። በዚህ መንገድ ስንቴ ተመላልሻለሁ፣ አንድም ቀን ልብ ብዬው አላውቅም።

ደብረ ማርቆስ ምሳ፣ እንጅባራ ብርድ፣ ዳንግላ ነዳጅ። ባሕር ዳር ስንገባ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር።

ያረፍንበትን ቤት ስም አልጠራም። ክፍሉ ንጹሕ ነበር፣ ዋጋውም ደህና። ግን ብስክሌቷን ሳወርድ ጥበቃው መጣና "ብስክሌት ወደ ክፍል አይገባም" አለ። ታጥፋ ከሻንጣችን እንደማትበልጥ አሳየሁት። አልሆነም። ግቢ ውስጥ ትደር፣ ለማቆሚያ በቀን 50 ብር ይከፈል ተባለ። መኪናዋ በነፃ ቆማለች፣ ብስክሌቷ ትከፍላለች። እውነቱን ለመናገር ተናደድኩ። ገንዘቡ አይደለም ያናደደኝ። አዲስ አበባ ላይ ብስክሌት የያዘ ሰው በየበሩ የሚገጥመው ፊት ነበር፤ እሱን ባሕር ዳር አልጠበቅኩትም። ልጆቹ ደክሟቸው ስለነበር ከፈልኩ። እኔ ከፍዬ ስዞር አንድ ልጅ ሊያግዝ ብሎ ብስክሌቷን በማርሽ መቀየሪያዋ በኩል ጨብጦ ጎተታት። ሮጬ አልደረስኩም።

ሌሊቱም ክፉ ነበር። አጎበሩ የተቀደደ ነው፤ ትንኙ የመጣው በቀዳዳው ነው። ከአዲስ አበባ ብርድ የወጣ ሰው ለባሕር ዳር ሙቀት ጊዜ ይፈልጋል። ባለቤቴ እያወቀችው መስኮት ከፍታ ተኛች፣ እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አላሸለብኩም።

ጠዋት ብስክሌቷን ዘርግቼ ስነዳት ቀጭ ቀጭ አለች። አጎንብሼ አየሁ። የማርሽ መቀየሪያውን የያዘችው ትንሽ ብረት ወደ ውስጥ ታጥፋለች። ወደ ቀላሉ ማርሽ ብቀይር የጎማው ሽቦ ውስጥ ገብቶ ጎማውን ይሰብረው ነበር። እየገፋሁ ወጣሁ።

ብስክሌት ጠጋኙን አባት ሁለት ሰው ጠይቄ ነው ያገኘኋቸው። ዋርካ ሥር፣ አንድ ሳጥን፣ አንድ ጎድጓዳ ውሃ፣ ከጎማ የተቆረጠ መቀመጫ። ስድሳ ዓመት ያልፋቸዋል።

"እንደምን አደሩ አባቴ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ምን ሆነችብህ?"

ነገርኳቸው። ቶሎ አልነኳትም። አገላብጠው አዩዋት። ወገቧ ላይ ያለውን መቆለፊያ ከፈቱ፣ አጠፉ፣ መልሰው ዘረጉ፤ ኮሽታውን አዳመጡ። "ጎበዝ የሠራት ነው" አሉ። ከዚያ ገለበጧትና መቀየሪያውን ፈቱት። የተጣመመችውን ብረት በፒንሳ ያዙ። ጥቂት ይስቡና ጎማውን ያሽከረክራሉ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በካቴናው መሥመር ያያሉ፣ ደግሞ ጥቂት ይስባሉ። "በአንዴ ከሳብካት ትቆረጣለች። ጥሞና ነው የምትፈልገው" አሉኝ። ሃያ ደቂቃ ይሆናል የፈጀው። መልሰው ሲገጥሙት ስድስቱም ማርሽ ያለ ድምፅ ገባ።

እየሠሩ ያጫውቱኝ ነበር። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ፈረቃ ሲለቅ መንገዱ ብስክሌት በብስክሌት ይሆን ነበር አሉ። ያኔ ረዳት ነበራቸው። አሁን ወጣቱ ባጃጅ ላይ ነው። "ባጃጁ አይከፋም፣ ልጆቼንም እሱ ነው ያሳደረልኝ። ብስክሌት ግን ሰላምታ አያስረሳም፤ ሰው አይተህ ነው የምታልፍ።"

ስንት ልስጥ ስላቸው 30 ብር አሉ። 100 አወጣሁ፤ ሰባውን በግድ መለሱልኝ። ከዚያ ሳጥናቸውን ፈተሹና የድሮ ደወል አወጡ። ዝገቱን በጨርቅ ጠርገው፣ ዘይት ጠብ አድርገው መሪዋ ላይ አሰሩት። "ባሕር ዳር ያለ ደወል አይነዳም። ይሄ ከእኔ ነው።" ቅጭል አደረጉት። ምን እንደምል ጠፍቶኝ ዕድሜ ይስጥልኝ ብቻ አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ባለቤቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ቅዱስ ጊዮርጊስ ልትሳለም ነው። ኮርቻውን ነጩ ናስትሮ ላይ አድርጌ ቆለፍኩላት። "ይጥለኝ ይሆን?" አለች። መልስ አልጠበቀችም። የቀሚሷን ጫፍ ሰብሰብ አድርጋ አንድ እግሯን አሳለፈች፣ ሁለት ጊዜ መሬቱን ገፋችና ሄደች። መሪው ትንሽ ዋዠቀባት። ዘንባባዎቹ ጋ ስትደርስ ቀጥ ብሎ ነበር። የደወሉ ድምፅ ከሩቅ ይመጣል። ማንም ከፊቷ አልነበረም፤ ዝም ብላ ነው የምትደውለው። እኔና ልጆቹ በር ላይ ቆመን ቀረን። ልጄ "እማዬ ትችላለች እንዴ!" አለች።

የተመለሰችው ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ተሳልማ፣ የሐይቁን ዳር ይዛ፣ ዓባይ ድልድይ ድረስ ነድታ። ጉማሬ እንዳላየች ነገረችን፤ ዓባይ ከጣና ሲወጣ ግን ዛሬም ሳይቸኩል ነው የሚሄደው አለች። ፊቷ ቀልቶ ነበር። የመጫኑን ነገር ደግማ አላነሳችብኝም።

ከዚያ በኋላ ብስክሌቷ የልጄ ሆነች። ሐይቁ ዳር ያለው መንገድ ለጥ ያለ ነው፤ ለጀማሪ እንደሱ ያለ የለም። ከኋላ ኮርቻውን ይዤ እሮጣለሁ፣ ሳትሰማኝ እለቃለሁ። በሦስተኛው ቀን ብቻዋን ዞራ መጣች። እኔ ቤዛዊት ኮረብታን ሞክሬያለሁ። በትንሽ ጎማ ከባድ ዳገት ነው፣ ግማሹን ገፋሁት። ላይ ሲደረስ ግን ዓባይ እስከ ታች ይታያል።

ዘጌ የሄድነው ያለ ብስክሌት ነው። ጀልባ 1,200 ብር ተጠርቶልን በ700 ተስማማን። ክብራን ገብርኤል ሴት ስለማይገባበት ለቤተሰብ አይሆንም፤ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን መረጥን። በቡናው ጫካ ውስጥ ያለው መንገድ ድንጋይና ሥር ነው። ብስክሌቷን ባመጣት ኖሮ ተሸክሜያት ነበር የምሄደው። ትንሹ ልጅ የመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያለውን ሥዕል ሁሉ ታሪኩን ካልተነገረው አልንቀሳቀስ አለ። ስንመለስ ማገዶ የጫነ ታንኳ አጠገባችን አለፈ። ከደንገል የተሠራ ነው፤ ግማሹ ውሃ ውስጥ ነው፣ ቀዛፊው ግን ዘና ብሎ ተቀምጧል። ማታ ተጠብሶ የመጣ ቆሮሶ ዓሣ በላን። ጢስ ዓባይን ልጆቹ ስለደከሙ ተውነው፤ በጥር ውሃውም ትንሽ ነው።

ለመመለስ ስንጭን ገመዱን ያሰረችው ባለቤቴ ናት። እንጅባራ ላይ ግማሽ ኩንታል ድንች ገዛች፤ ትንሹ ልጅ እግሩን ከረጢቱ ላይ ሰቅሎ አዲስ አበባ ገባ። ዓባይ በረሃ ላይ አስፋልቱ የሰመጠበት ቦታ በደረስን ቁጥር ከብርድ ልብሱ ሥር ደወሉ ቅጭል ይላል።

አሁን ልጄ ረዝማለች፣ ሰማያዊው ናስትሮ አይሆናትም። ባሕር ዳርም ዓባይ ላይ አዲስ ድልድይ ተሠርቷል። በግንቦት 2016 ነው የተመረቀው፤ 380 ሜትር ይረዝማል፣ የብስክሌት መሥመርም አለው። ባለቤቴ ፎቶውን ስልኳ ላይ አሳየችኝ። በሁለት ጣቷ አስፍታ መሥመሩን እያየች "ያ ነጩ ናስትሮ አለ?" አለችኝ። በረንዳ ወጥቼ አየሁት። ጠርዙ ትንሽ ተልጧል፣ ግን አለ።