በማዕበል መካከል የነበረው ትራስ

ዛሬ ንጋት ላይ ስልኬን ገና ከመክፈቴ ያነበብኩት ወሬ እጄን ስላንቀጠቀጠው፣ መጽሐፍ ቅዱሴን ስገልጥ ስስ ገጾቹ ሁለትም ሦስትም እየሆኑ ያልፉኝ ነበር። በመጨረሻ የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ላይ አረፍኩ። ማዕበሉ ታንኳይቱን ውኃ እስኪሞላት ድረስ ሲመታት፣ ጌታችን በስተኋላዋ ትራስ ተንተርሶ ተኝቶ ነበር። ታሪኩን ከልጅነቴ ጀምሮ ባውቀውም ትራሱን ግን ልብ ብዬው አላውቅም፤ ከወንጌላውያንም የጠቀሰው ማርቆስ ብቻ ነው።

ጴጥሮስና እንድርያስ፣ ያዕቆብና ዮሐንስ በዚያው በገሊላ ባሕር ዓሣ እያጠመዱ የኖሩ ሰዎች ስለነበሩ፣ ፍርሃታቸው ካለማወቅ የመጣ አልነበረም፤ አደጋውን ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። «ስንጠፋ አይገድህምን?» ብለው ቀሰቀሱት። እኔም ጠዋት የጸለይኩት ይህንኑ ነው፤ ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁም። እርሱም በማርቆስ አገላለጽ አስቀድሞ ነፋሱን ገሠጸ፤ «ስለ ምን ትፈራላችሁ?» ብሎ የጠየቃቸው ባሕሩ ጸጥ ካለ በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ለእኔ ትልቅ ምሕረት ነው።

ፍርሃቴ ፈጽሞ ለቀቀኝ አልልም። ነገር ግን ክፉ ዜና እንዳልሰማ ሰግቼ ለቀናት ሳልደውልላት ለቆየሁት ለታላቅ እህቴ ከቀትር በኋላ ደወልኩላት። «እኔም እኮ ፈርቼ ነው ያልደወልኩት» አለችኝ። ከዚያም ድምፃችን እየተቆራረጠ፣ አንዳችን ሲያቅተን ሌላችን እየተቀበልን «አባታችን ሆይ» እስከ መጨረሻው ደገምን።