ቡሄ፣ ዝናቡና የቤታችን ሰዎች

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለደብረ ታቦር በዓል በሰላም አደረሳችሁ! የጅራፍ ጩኸት ለመስማት፣ የልጆቹን ጭፈራ ለማየት በጤና ያበቃን አምላክ ይመስገን።

ዘንድሮም ቡሄ ከነዝናቡ ነው የመጣው። «ቡሄ ከዋለ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት» እንላለን። አይዟችሁ፣ አልቋል፣ ትንሽ ነው የቀረው ለማለት ነው እንጂ ዝናቡስ ገና ነው። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ይዘልቃል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሐምሌንና ነሐሴን የሚያህል ዝናባማ ወር የለም። ይህን ስጽፍላችሁም ቆርቆሮው እየተደበደበ ነው። አጠገቤ ያለ ሰው ሲያናግረኝ ካልጮኸ አልሰማውም።

ይህን ድምፅ ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ። የምወደው ግን ከሥሩ ደረቅ ቦታ ስላለኝ ነው። የዝናብ ድምፅ ደስ የሚለው ጣሪያ ላለው ሰው ነው። ዛሬ ልጽፍላችሁ የፈለግኩትም ስለዚያ ጣሪያና ከጣሪያው ሥር ስላሉት ሰዎች ነው።

ነሐሴ 13 የምናስበውን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጌታችን ጴጥሮስን፣ ያዕቆብንና ዮሐንስን ይዞ ወደ ተራራ ወጣ። ፊቱ እንደ ፀሐይ በራ። ሙሴና ኤልያስም ታዩ። ማቴዎስ ምዕራፍ 17 ላይ እንደተጻፈው፣ ጴጥሮስ ያን ሁሉ ክብር አይቶ ያለው በዚህ መሆን ለእኛ መልካም ነው፣ ሦስት ዳስ እንሥራ ነው። አንዱ ለጌታ፣ አንዱ ለሙሴ፣ አንዱ ለኤልያስ። ለራሱ አልጠየቀም። ሊቃውንቱ ስለዚህ ቃል ብዙ ያስተምራሉ፣ ያንን ለእነሱ እተወዋለሁ። እኔ ግን እዚህ ቦታ ስደርስ ሁልጊዜ የቤታችን ሰዎች ትዝ ይሉኛል። እነሱም ለሌላው መጠለያ ሲያስቡ ራሳቸውን ቆጥረው አያውቁም።

እማዬን ልንገራችሁ። የሙልሙሉን ሊጥ የምታቦካው በዋዜማው ነው። በክረምት ሊጥ ቶሎ አይነሳም፣ ብርዱ ይይዘዋል። ስለዚህ በደንብ ትከድነውና ከላዩ ጋቢ ትደርብበታለች። ጋቢው የራሷ ነው። እሷ በነጠላ ታድራለች። ሌሊት ተነስታ ክዳኑን ገለጥ ታደርግና በጣቷ ጫን አድርጋ ታየዋለች። የተጫነው ቦታ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ደርሷል ማለት ነው። ከዚያ ምጣዷን ትጥድና ሊጡን በመዳፏ ረዘም ረዘም እያደረገች መጋገር ትጀምራለች። እኛ የምንነቃው በዳቦው ሽታ ነው።

መጀመሪያ የእኛ ይቆጠራል፣ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ። ቀጥሎ ሆያ ሆዬ እያሉ በር ላይ ለሚመጡት ልጆች። ቀጥሎ ለጎረቤት። የእሷ በቁጥሩ ውስጥ የለም። ፍልሰታን ስለምትጾም ሌሊቱን ሙሉ የደከመችበትን ዳቦ የምትቀምሰው ከቅዳሴ መልስ ነው፣ ያውም ከተረፈ።

የአባዬ ሥራ ደግሞ አይታይም። ግንቦት ላይ፣ ገና ፀሐይ እያለ፣ ከጎረቤት መሰላል ተውሶ ጣሪያው ላይ ይወጣል። ምስማሩ የዛገበትን እየፈለገ ሬንጅ ይቀባል። አሸንዳው ውስጥ የተጠራቀመውን ቅጠል ይዝቃል። ያኔ ማንም ልብ አይለውም። ነሐሴ ላይ ሳፋና ባልዲ ሳንደረድር ስንተኛ ግን የእሱ እጅ ከላያችን አለ። የማያፈስ ጣሪያን ማን ቀና ብሎ ያየዋል? ዘንድሮ ቀና ብዬ አየሁት። አባዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ችቦውና ሙልሙሉ ከየት እንደመጡ አባቶቻችን የሚነግሩን ትውፊት አለ። በዚያች ዕለት በተራራው አካባቢ ከብት የሚጠብቁ ልጆች ነበሩ። ከብርሃኑ የተነሣ መምሸቱን ሳያውቁት ቀሩ። ቤተሰቦቻቸውም ጭንቅ ቢላቸው ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ፍለጋ ወጡ ይባላል። ችቦው ይገባኛል፣ ጨለማ ነው። እኔን ሁሌም የሚነካኝ ዳቦው ነው። ልጅ ጠፍቶበት የተደናገጠ ሰው፣ በዚያ ጥድፊያ መሐል፣ መራቡን አስቦ ዳቦ ይይዝለታል! እናቶቻችን ዛሬም እንዲሁ ናቸው። ስናመሽ ይቆጡናል፣ እየተቆጡ ራት ያሞቃሉ።

በዚህ ሁሉ ምስጋና መሐል ደግሞ የማልረሳቸው አሉ። በሐምሌ 2016 በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ከከባድ ዝናብ በኋላ መሬት ተንሸራቶ ከ200 በላይ ወገኖቻችን ሞቱ። ከሟቾቹ መካከል መጀመሪያ በናዳው የተቀበሩትን ጎረቤቶቻቸውን ለማውጣት የሮጡ ነበሩ። እየቆፈሩ ሳለ ሌላ ናዳ መጣባቸው። የሰው ቤት ሲፈርስ አካፋ ይዞ የሚሮጥ ሰው ቤተሰብ ካልተባለ ማን ሊባል ነው? ነፍሳቸውን ይማር። በየከተማው በረንዳ ላይ፣ በላስቲክ ሥር፣ ይህንኑ ዝናብ ቆጥረው የሚያነጉም አሉ። ዛሬ ማታ ሙልሙል ስትቆጥሩ ለእነሱም ቁጠሩ። ያረጀ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ካላችሁም የሚያስፈልገው አሁን ነው፣ ለመስቀል ብላችሁ አታቆዩት።

አንድ አደራ። ብርዱ ሲጠና ከሰል አቀጣጥላችሁ በተዘጋ ክፍል እንዳትተኙ። ከፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ጭሱ ጠፍቷል ማለት አደጋው ጠፍቷል ማለት አይደለም። ቡና አፍልታችሁ ስትጨርሱ ማንደጃውን ወደ ውጭ አውጡት። በየክረምቱ በዚህ ሰበብ የሚቀጠፈው ሰው ያሳዝነኛል። ችቦ የምታበሩም ከአጥርና ከመብራት ገመድ ራቅ በሉ፣ ልጆቹንም ከጎናችሁ አትለዩ።

በሰው አገር ሆናችሁ ይህን ለምታነቡ፣ ናፍቆቱ ይገባኛል። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ በስልክ እንኳ ቢሰማ ሆድ ያባባል። ዛሬ ቤት ደውሉ። «ደህና ናችሁ?» ብላችሁ ብቻ አትዝጉት። ጣሪያው አፈሰሰ ወይ፣ ጉልበቷን ብርዱ እንዴት አደረጋት፣ ሙልሙሉ ለስንት ልጅ ደረሰ ብላችሁ ጠይቁ። እናቶች ይህን ሲጠየቁ ድምፃቸው እንዴት እንደሚለወጥ ታውቁታላችሁ። ቤት የሚደወልለት ሰው ያጣችሁ፣ ዘንድሮ የመጀመሪያውን በዓል ያለ እናት ወይም ያለ አባት የምትውሉ፣ እናንተን ከልቤ አስባለሁ። እግዚአብሔር ያጽናችሁ።

ቡሄን የማታከብሩ ወዳጆቼም ከዚህ በዓል ውጭ አይደላችሁም። ስንቶቻችሁ በልጅነታችሁ ከሰፈር ልጅ ጋር ዱላ ይዛችሁ ጨፍራችኋል! ልጆቹ ሲመርቁ ወርቅ ይዝነብበት የሚሉት የከፈተላቸውን ቤት ሁሉ ነው፣ የማንንም እምነት አይጠይቁም።

መልካም በዓል ይሁንላችሁ። ጾሙን በሰላም ያስፈጽመን፣ ለአዲሱ ዓመትም በጤና ያድርሰን። ሁላችንንም ከነቤተሰባችን የዓመት ሰው ይበለን።